የገበሬው ቼክና የእኛ መዝገብ



በዚህ ዓምድ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች መካከል መልኩን እየለዋወጠ የሚመላለስ አንድ አለ። ከባለ ታክሲ ወንድሞቻችን አንዱ በቅርቡ እንዲህ ሲል አነሣው፦ «እኔ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጬ እውላለሁ። ቤንዚን ሲወደድ የሚደጉመኝ የለም። መንገደኛ ሲጠፋ የሚክሰኝ የለም። ገበሬው ግን የእህል ዋጋ ወረደ በተባለ ቁጥር መንግሥት ቼክ ይልክለታል። እንዲያውም ሳይዘራ የሚከፈለው አለ ይባላል። እውነት ነው? እውነት ከሆነስ፣ እሱ ምን ቢያደርግ ነው እኛ ያላደረግነው?»

ጥያቄው ቅናት ያለበት ሊመስል ይችላል። መልሱን እስከ መጨረሻው ለተከታተለ ግን የራሱን ኪስ የሚነካ ትምህርት ያገኝበታል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ካንሳስ ውስጥ ወዳለች አንዲት የገጠር ካውንቲ ወስደን እናሳይዎታለን። ከዚያም ወደ ታክሲዎና ወደ ሱቅዎ እንመለሳለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሀይዌይ 70 በስተሰሜን

ዴንቨርና አውሮራ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል ታክሲውን ትተው ትልቅ የጭነት መኪና የያዙ ጥቂት አይደሉም። እርስዎም ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ ኢንተርስቴት 70ን እንደ እጅዎ መዳፍ ያውቁታል። ከዴንቨር ወደ ካንሳስ ሲቲ ሲያቀኑ ዋኪኒ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ቢታጠፉ ግራሃም ካውንቲ ይገባሉ፤ ዋና ከተማዋ ሂል ሲቲ ትባላለች።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ በካውንቲዋ የተገኘው ሰው 2,400 ያህል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ግን ከ8,000 በላይ ሕዝብ ነበራት። ሰዉ ሄዶ መሬቱ ቀርቷል። በመሬቱ ላይ ስንዴ፣ ማሽላ፣ በቆሎና አኩሪ አተር ይበቅላል። ማሽላው አገር ቤትን ያስታውስዎት ይሆናል፤ ዘሩም ቢሆን ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የወጣ ነው። ካንሳስ ውስጥ ግን ጠላም እንጀራም አይሆንም። ለከብት መኖ፣ ነዳጅ ለሚሆነው ኤታኖልና ለውጭ ገበያ ይሸጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እኛ ያደግነው ገበሬ ለመንግሥት ሲከፍል እያየን ነው። በንጉሡ ዘመን ግብሩና አሥራቱ ነበረበት። በደርግ ዘመን ደግሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጥሎበት እህሉን ከገበያው በታች በሆነ ዋጋ ያስረክብ ነበር፤ ያ ኮታ የተነሣው በ1990 ነው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ተገልብጦ ያገኙታል። የገበያው ዋጋ መንግሥት በሕግ ከጻፈው ዋጋ በታች ሲወርድ፣ ልዩነቱን መንግሥት ለገበሬው ይከፍላል።

ቼኩ እንዴት ይሰላል?

አሠራሩ ሲሰሙት የተወሳሰበ ይመስላል፤ ነገር ግን የታክሲ ሜትር ማንበብ ለሚችል ሰው አይከብድም። ኮንግረስ በየጥቂት ዓመቱ ፋርም ቢል የሚባል ሕግ ያወጣል። በሕጉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰብል መነሻ ዋጋ ይጻፋል። በ2018 በወጣው ሕግ የስንዴ መነሻ ዋጋ በቡሽል 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። በጁላይ 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስና የበጀት ሕግ ይህን ወደ 6 ዶላር ከ35 አሳደገው። ማሽላ ከ3 ዶላር ከ95 ወደ 4 ዶላር ከ40፣ በቆሎ ከ3 ዶላር ከ70 ወደ 4 ዶላር ከ10፣ አኩሪ አተር ደግሞ ከ8 ዶላር ከ40 ወደ 10 ዶላር ከፍ አሉ። (አንድ ቡሽል ስንዴ 27 ኪሎ ገደማ ነው፤ አንድ ኩንታል ማለት ከሦስት ቡሽል ተኩል በላይ ነው።)

እንግዲህ በምሳሌ እንየው። አንድ ገበሬ በመንግሥት መዝገብ ላይ የስንዴ ተብሎ የተያዘ 100 ኤከር አለው እንበል፤ በአገር ቤት ልክ አንድ ጋሻ ገደማ ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈለት ምርት በኤከር 35 ቡሽል ነው እንበል። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ 5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ቢሆን፣ ከመነሻ ዋጋው በ1 ዶላር አንሷል ማለት ነው። ሕጉ የሚከፍለው በመቶው ኤከር ሳይሆን በ85 በመቶው ነው። ስለዚህ 85 ሲባዛ በ35፣ ሲባዛ በ1 ዶላር፣ 2,975 ዶላር ይመጣል። በዚሁ ስሌት 2,000 ኤከር የተመዘገበለት ሰው 59,500 ዶላር ያገኛል። ከ2025 ጀምሮ ለአንድ ሰው በዓመት የሚፈቀደው ጣሪያ 155,000 ዶላር ሆኗል፤ ቀድሞ 125,000 ነበር።

ገንዘቡ ወዲያው እንደማይመጣም ይወቁ። የገበያው ዓመት እስኪዘጋና አማካዩ ዋጋ እስኪታወቅ ይጠበቃል። የ2025 ሰብል ክፍያ ቀኑ ከኦክቶበር 2026 ወዲህ ነው። ገበሬውም እንደኛው የባንክ ዕዳ እየገፋ ይጠብቃል ማለት ነው።

ሳይዘሩ መከፈል እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ከላይ «በመዝገብ የተያዘ» ያልነውን ቃል ያስታውሱ። ይህ መሬት በእነሱ አነጋገር ቤዝ ኤከር ይባላል። ክፍያው የሚሰላው ገበሬው ዘንድሮ በዘራው ሳይሆን፣ በዚያ መሬት ላይ ባለፉት ዓመታት ተዘርቶ በመዝገብ በሰፈረው ነው። የስንዴ ተብሎ የተመዘገበው ማሳ ዘንድሮ ማሽላ ቢዘራበት ወይም ጦም ቢያድር የስንዴው ዋጋ ሲወድቅ ክፍያው ይመጣል። መሬቱ ሲሸጥም ምዝገባው አብሮ ይሸጋገራል። ርስት ማለት ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ለመረዳት አይከብድም።

ሆኖም ግን ዝም ብሎ ባለመሬት መሆን አይበቃም። መሬቱን በቁርጥ ኪራይ ያከራየ ሰው ቼኩን አያገኝም፤ ቼኩ ኪሳራና ትርፉን ተሸክሞ ለሚያርሰው ነው። አከራዩ ግን አይከስርም፤ ክፍያ እንዳለ ስለሚያውቅ ኪራዩን ከፍ ያደርጋል። ይህ ለእኛ ባለ ሱቆች አዲስ ነገር አይደለም። ንግዱ ሞቅ ሲል የሱቅ ኪራይ የሚጨምረውን ሰውዬ ሁላችንም እናውቀዋለን።

የሚከፈልባቸውን ሰብሎች ዝርዝር ሲያዩ ደግሞ አገር ቤት እህል በረንዳ የገቡ ይመስልዎታል። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ማሽላ አለ። አተር፣ ምስርና ሽምብራ አለ። ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ሰናፍጭ፣ ኦቾሎኒ ሳይቀር አለ። ጤፍ ግን የለም። አይዳሆ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጤፍ ይመረታል፤ በየሱቃችን የምንሸጠው ዱቄትም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህችው አገር መሬት የበቀለ ነው። ዋጋው ሲወድቅ ግን ለጤፍ አምራቹ ልዩነቱን የሚከፍል መነሻ ዋጋ በሕጉ ውስጥ አልተጻፈለትም። ምክንያቱ የጤፍ ምግብነት አንሶ አይደለም። ዝርዝሩ ሲጻፍ ስለ ጤፍ የሚሟገት ብዙ ገበሬ፣ ማኅበርና የኮንግረስ ሰው ስላልነበረ ነው።

የካውንቲው ቢሮ

ታዲያ ገበሬው ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ ፋርም ሰርቪስ ኤጀንሲ ወደሚባለው የእርሻ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ይሄዳል። የዚህ ቢሮ ቅርንጫፎች በየገጠሩ ካውንቲ ተበትነው ይገኛሉ። እዚያ እርሻው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማሳው በካርታ ላይ ይሠመርለታል። በየዓመቱ የትኛውን ማሳ በምን እንደዘራው፣ ስንት ኤከር እንደሆነ ፈርሞ ያስመዘግባል። ለአብዛኛው የበልግ ዘር የመጨረሻው ቀን ጁላይ 15 ነው። ገቢው ከሕጉ ጣሪያ እንዳላለፈ፣ ረግረጉንና ተዳፋቱን እንዳላበላሸ፣ በእርሻው ሥራ እሱ ራሱ እንደሚሳተፍ የሚገልጹ ቅጾች ይሞላል። ዝናቡ ቢቀርም ባይቀርም፣ ዋጋው ቢወጣም ባይወጣም፣ ወረቀቱን በየዓመቱ ያቀርባል። ዋጋው የወደቀ ዕለት ስሙ መዝገብ ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቢሮውን የሚከታተል የካውንቲ ኮሚቴ አለ፤ አባላቱን የሚመርጡት ራሳቸው ገበሬዎቹ ናቸው። ስለ ገበሬው የሚወሰነው ነገር ሲነሣ ጎረቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ክፍያው ምስጢር አይደለም። ኢንቫይሮንመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የሚባል ድርጅት ከ1995 ጀምሮ የተከፈለውን በካውንቲና በተቀባይ ስም እየለየ ለሕዝብ ይፋ አድርጓል። በገጠር ካውንቲ የጎረቤትዎን ቼክ ማወቅ የሚከብድ አይደለም።

«እኛ ስደተኞች ነን፤ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ለሚሉ አንባቢያን አንድ ቃል እንጨምር። ለዚህ ክፍያ ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋው ይታያል። ግሪን ካርድ የሌለው የውጭ ሰው ግን መሬቱን፣ ካፒታሉንና የራሱን ጉልበት ሦስቱንም ካላቀረበ አይከፈለውም።

ኒቆዲሞስ

እስካሁን ያልነው የሕጉን መልክ ነው። ሕጉ ለሁሉም እኩል ሠርቷል ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ከሂል ሲቲ በስተምሥራቅ እዚያው ግራሃም ካውንቲ ውስጥ ይገኛል። ከተማዪቱ ኒኮዲመስ ትባላለች፤ በእኛ አጠራር ኒቆዲሞስ። በ1877 ከባርነት የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ከኬንታኪ መጥተው ቆረቆሯት። እንጨት በሌለበት ሜዳ መሬት ቆፍረው ጉድጓድ ቤት ውስጥ ክረምቱን ተወጡ። እነሱም እንደኛ አገር ለቀው የመጡ፣ እጃቸውን ብቻ ይዘው የጀመሩ ሰዎች ነበሩ።

በኒቆዲሞስ ኤድዋርድ ማኬብ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ግራሃም ካውንቲ በ1880 ስትቋቋም ገዥው ጸሐፊ አድርጎ ሾመው፤ በተከታዩ ዓመት ሕዝቡ መረጠው። የካውንቲው መዝገብ በጥቁር ሰው እጅ ነበር ማለት ነው። በ1882 ደግሞ የካንሳስ ግዛት ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። በ1888 ግን የባቡሩ ሐዲድ ኒቆዲሞስን ሳይነካ አለፈ፤ ነጋዴው ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ፤ ከተማዋም እየመነመነች መጣች። ዛሬ የሚኖሩባት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከ1996 ጀምሮ በብሔራዊ ታሪካዊ ቦታነት ትጠበቃለች።

የገበሬ ድጎማ በአገሪቱ የተጀመረው በ1933 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን ነው። ያኔ ገበሬው የሚዘራውን መሬት እንዲቀንስ ይከፈለው ነበር። በደቡብ የጥጥ አገር ገንዘቡ የደረሰው ባለመሬቱን ነው። እርሻው ሲቀነስ የተፈናቀለው ግን በመዝገብ ስሙ የሌለው ጭሰኛ ነው፤ ከጭሰኞቹም ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ከዚያም በኋላ በየካውንቲው ብድርና ድጎማ ሲታደል ጥቁሩ ገበሬ በሩ ላይ ብዙ ተመላልሷል። በ1920 በአገሪቱ 925,000 ያህል ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከ20,000 አነሱ።

በ1997 ፒግፎርድ በሚባለው ክስ ገበሬዎቹ የእርሻ ሚኒስቴርን ፍርድ ቤት አቆሙት። በ1999 ስምምነት ተደረሰ። ከ1981 እስከ 1996 ባለው ጊዜ በብድርና በድጎማ መድልዎ የደረሰበት ገበሬ 50,000 ዶላር እንዲያገኝ ተወሰነ። ነገር ግን ገበሬው መረጃ ማቅረብ ነበረበት፤ ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ነጭ ገበሬ የተሻለ እንደተደረገለት ጭምር ማሳየት ነበረበት። መቼ አመለከተ? ምን ብለው መለሱት? ወረቀቱ የት አለ? ቢሮው ማመልከቻውን እንኳ ያልተቀበለው ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ከዚህም ሌላ ከ60,000 በላይ ሰዎች ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ማመልከቻ አስገቡ፤ አብዛኞቹም ጉዳያቸው ሳይታይ ቀረ። ለእነሱ ሁለተኛ ስምምነት የተደረገው በ2010 ነው፤ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ተመደበለት። እስከዚያው ስንቱ አርጅቶ ሞተ!

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው። የግራሃም ካውንቲ ገበሬ ከእኛ የበለጠ ስለለፋ አይደለም ቼኩ የመጣለት። ያለፈው ዘመን ሥራው ተጽፎ ስለቆየለት ነው። ያልተጻፈለት ደግሞ የቱንም ያህል ቢለፋ እጁ ባዶ ሆኗል።

እኛስ በ2020 ምን ሆንን?

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ገበሬው በ2018 እና በ2019 ከቻይና ጋር በተነሣው የቀረጥ ጦርነት ለደረሰበት ጉዳት 23 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሳ ተከፍሎት ነበር። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሁሉም ዓይነት ክፍያ ተደምሮ ለገበሬዎች በቀጥታ የደረሰው ገንዘብ ወደ 45 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። በዚያው ዓመት እርስዎና እኔም ከመንግሥት ገንዘብ ተፈቅዶልን ነበር። ፒ.ፒ.ፒ. የሚባለውን ብድር ያስታውሱታል።

ሠራተኛ ለሌለው ባለ ታክሲ ብድሩ የሚሰላው በ2019 የታክስ ወረቀቱ ላይ፣ ማለትም በስኬጁል ሲ፣ «የተጣራ ትርፍ» ብሎ ባሰፈረው ቁጥር ነበር። ያ ቁጥር ለ12 ተካፍሎ በ2 ተኩል ይባዛል። በምሳሌ እንየው። አንዱ ወንድማችን በዓመቱ 60,000 ዶላር አስገባ፤ ወጪውን ሁሉ ቀንሶ 9,000 ዶላር ትርፍ ጻፈ። የሚደርሰው 1,875 ዶላር ነው። ስሌቱ በጠቅላላ ገቢው ቢሆን ኖሮ ግን 12,500 ዶላር ያገኝ ነበር።

አሁን ይህን ይስሙ። በዲሴምበር 2020 የወጣው ሕግ ገበሬዎች በጠቅላላ ገቢያቸው እንዲሰላላቸው ፈቀደ፤ ቀድሞ በትንሹ የተበደሩትም ተመልሰው ጭማሪ እንዲጠይቁ መንገድ ከፈተላቸው። ለባለ ታክሲውና ለባለ ሱቁ ተመሳሳይ ስሌት የተፈቀደው በማርች 2021 ነው፤ ያውም ብድሩ አስቀድሞ ለጸደቀለት ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ተባለ። ፕሮግራሙም በሜይ መጨረሻ ተዘጋ። ገበሬው በኮንግረስ ውስጥ ስለ እሱ የሚናገር ሰው ነበረው። እኛን በዚያ ክፍል ውስጥ ያስታወሰን አልነበረም።

ይህን ስንል የሚገባዎትን ወጪ አይቀንሱ ማለታችን አይደለም። የነዳጁም፣ የማይሉም፣ የኢንሹራንሱም ተቀናሽ መብትዎ ነው። ነገር ግን ገቢ መደበቅና ጥሬ ገንዘብን ከመዝገብ ውጭ ማስቀረት ከወንጀልነቱ ሌላ ዋጋው ውድ እንደሆነ ይወቁ። በታክስ ያተረፉ የመሰለዎት ገንዘብ በቤት ብድር፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታና በክፉ ቀን እርዳታ በእጥፍ ይሄዳል።

የገበሬው ሕግና የሱቅዎ ደንበኛ

ብዙ ባለ ግሮሰሪዎች ልብ የማይሉት ሌላ ጉዳይ አለ። የገበሬው ድጎማና ፉድ ስታምፕ ከ1973 ጀምሮ በአንድ ሕግ ውስጥ ሲጓዙ ኖረዋል። የገጠሩ የኮንግረስ ሰው የከተማውን ድምፅ፣ የከተማውም የገጠሩን ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን ስለ ስንዴ ሲከራከሩ ስለ ሱቅዎ ደንበኛ ካርድም እየተከራከሩ ነው።

በጁላይ 2025 የወጣውና የእህሉን መነሻ ዋጋ ያሳደገው ሕግ፣ በዚያው ምዕራፍ ስደተኝነት ወይም ጥገኝነት አግኝተው ግሪን ካርድ ያልያዙትን ሰዎች ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። የሥራ ግዴታውንም እስከ 64 ዓመት አደረሰው። ከደንበኞችዎ መካከል አዲስ የመጡ ቤተሰቦች ካሉ ይህን ሳይሰሙት አልቀሩም፤ በካሽ መመዝገቢያዎም ላይ ሳይታይዎት አልቀረም። በዚያው ዓመት መጸው መንግሥት ሲዘጋ የኖቬምበር የፉድ ስታምፕ ገንዘብ ተቋረጠ። የካውንቲዎቹ የእርሻ ቢሮዎች ግን ኦክቶበር ሳያልቅ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለገበሬው ለማድረስ ተከፍተው ነበር። በዲሴምበርም ለገበሬዎች ተጨማሪ 12 ቢሊዮን ዶላር ታወጀ።

ገበሬው ለምን ተሰጠው ብለን አንከራከርም፤ የስንዴ ዋጋ ወድቆ የሚያድር ቤተሰብ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከአንድ ማዕድ አንዱ ሲጨመርለት ሌላው የሚነሣበት ምክንያት በዚያ ማዕድ ማን ስሙ ተጽፎ፣ ማን ተወክሎ እንደተቀመጠ ያሳያል።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መዝገብ ይያዙ። ገበሬው ማሳውን በየዓመቱ እንደሚያስመዘግብ ሁሉ እርስዎም የየቀኑን ገቢና ወጪ ይጻፉ። የንግዱን የባንክ ሒሳብ ከቤቱ ይለዩ። የታክስ ወረቀትዎን ግልባጭ፣ የታክሲ ፈቃድዎን፣ የኪራይ ውልዎን፣ የኢንሹራንስ ደረሰኝዎን በአንድ ፋይል ያኑሩ። እርዳታ ሲታወጅ ወረቀት መፈለግ ከጀመሩ ዘግይተዋል።

ሁለተኛ፣ ለሁሉም ነገር በጽሑፍ መልስ ይጠይቁ። ለከተማው፣ ለባንክ ወይም ለፈቃድ ቢሮ አመልክተው በቃል «አይሆንም» ቢባሉ፣ የተጻፈ መልስ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ቀኑንና ያነጋገሩትን ሰው ስም ያስፍሩ። የፒግፎርድ ገበሬዎች ያጡት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ቀነ ገደብ አያሳልፉ። እውነት በእጅዎ ሆኖ ቀኑ ካለፈ እውነቱ ብቻውን አያድንም።

አራተኛ፣ ስብሰባ ይግቡ። በብዙ ከተሞች የታክሲ ታሪፍና የፈቃድ ብዛት የሚወሰነው በከተማው ስብሰባ ላይ ነው። ገበሬው ኮሚቴውን ይመርጣል፤ እኛ ግን ስብሰባው ካለቀ በኋላ በአየር ማረፊያው ተራ ላይ እናማርራለን። በየከተማው ያሉት የባለ ታክሲና የነጋዴ ማኅበሮቻችን አንድ ሰው እንኳ በቋሚነት ቢልኩ ብዙ ይለወጣል።

አምስተኛ፣ ግሮሰሪ ካለዎት የፉድ ስታምፕ ፈቃድዎን እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት። ፈቃዱን የሚሰጠው የእርሻ ሚኒስቴር ነው፤ ማመልከቻውም በነፃ ነው። ወተት፣ እህል፣ አትክልትና ሥጋ ነክ ከሚባሉት አራት ዘርፎች የሚፈለገውን ያህል ዓይነት በመደርደሪያዎ ላይ መኖር አለበት። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ቤት የሚወሰድ እንጀራ ይሸጥበታል፤ ትኩስ ምግብ ግን አይሸጥበትም። ካርዱን በጥሬ ገንዘብ የመለወጥ ልመና ቢመጣብዎ፣ የአክስትዎ ልጅ እንኳ ቢሆን፣ እምቢ ይበሉ። ቅጣቱ ከፕሮግራሙ ለዘለዓለም መታገድ ሊሆን ይችላል።

ስድስተኛ፣ ደንበኛዎ ወይም ዘመድዎ ጥገኝነት ካገኘ አንድ ዓመት ሲሞላው ለግሪን ካርድ ማመልከት እንደሚችል ያስታውሱት። ከዚያ በኋላ ፉድ ስታምፕ መቼ እንደሚፈቀድለት እንደየሁኔታው ስለሚለያይ፣ በግዛቱ ቢሮና በታመነ ጠበቃ ይጠይቅ እንጂ ተስፋ ቆርጦ አይቅር።

ሰባተኛ፣ ከከተማ ወጥተው መሬት ለመግዛት የሚያስቡ ካሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁ። የእርሻው ቁጥር ስንት ነው? ቤዝ ኤከር አለው ወይ? የየትኛው ሰብል ነው? የተመዘገበው ምርት ስንት ነው? ሻጩ መልሱን በወረቀት ያሳያችሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል።

ያ ባለ ታክሲ ወንድማችን «እሱ ምን ቢያደርግ ነው እኛ ያላደረግነው?» ብሎ ነበር። መልሳችን አጭር ነው። ገበሬው ዋጋ ሳይወድቅ በፊት፣ ችግር ሳይመጣ በፊት፣ በየዓመቱ ወደ ቢሮ ሄዶ ስሙን አስጽፏል፤ ስለ እሱ የሚናገር ሰውም መርጧል። እኛም ዛሬ ማታ ታክሲውን ካቆምን፣ ሱቁን ከዘጋን በኋላ አንድ ደብተር ገዝተን የዛሬውን ገቢ በመጻፍ መጀመር እንችላለን።

ጥያቄ ያላችሁ አንባቢያን እንደተለመደው ጻፉልን። ደህና ሰንብቱ።